ግንቡ ሲጠበቅ መዶሻው አይረሳ

የአንድ ከተማ ሀብት ምን እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያመለክተው ሕንጻውን፥ አደባባዩንና መንገዱን ነው። ይህም ስሕተት አይደለም፤ ሕንጻ ለዓይን ይታያልና። ነገር ግን ሕንጻው ጸንቶ የሚኖረው፥ በሩ ሲሰበር የሚጠግን፥ ቧንቧው ሲያፈስ የሚበይድ፥ መስኮቱ ሲወላልቅ የሚያበጅ ሰው በአጠገቡ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የአስመራ ከተማ ጉዳይ ሊመረመር የሚገባው ከዚህ አኳያ ነው።

እንደሚታወቀው አስመራ በ2017 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፋለች። የተመዘገበው ከ1893 ዓ.ም. እስከ 1941 ዓ.ም. በየጊዜው በወጣው ፕላን የተሠራው የከተማይቱ ክፍል ብቻ አይደለም፤ ያለ ፕላን የበቀሉት የአገሬው ሰው ሰፈሮች አርባዕተ አስመራና አባሻውልም አብረው ተመዝግበዋል። ይህ ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጎብኚ የሚጎርፈው ጁዜፔ ፔታሲ በ1938 ዓ.ም. ወደ ሠራው ወደ ፊያት ታልየሮ የቤንዚን ማደያ ነው፤ በሁለት ወገን የተዘረጉትን ክንፎቹን ፎቶግራፍ ያነሣል፥ በሲኒማ ኢምፔሮ በኩል ያልፋል፥ ማኪያቶውን ጠጥቶ ይመለሳል። ወደ አባሻውል የሚዘልቀው ጥቂቱ ነው። በመዝገቡ ግን የማደያው ክንፍና የአባሻውል የቆርቆሮ ጣራ በአንድ ስም ተጽፈዋል።

ከትልቁ ገበያ ብዙ ሳይርቅ መደበር የሚባል ግቢ ይገኛል። ስሙ በአማርኛ ጆሮ መሰልቸትን ቢያሰማም፥ በሥፍራው ከማለዳ እስከ ማታ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ለድብርት ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በጣልያን ዘመን የሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፍበት ማረፊያ ነበር፤ ዛሬ ከተማው የጣለው ዕቃ ሁሉ ተሰብስቦ እንደ ገና ዕቃ የሚሆንበት ሥፍራ ነው። የዘይትና የነዳጅ በርሜል ተሰንጥቆ የከሰል ማንደጃ፥ የውኃ ባልዲና የልብስ ሳጥን ይሆናል። ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ ከመነዳሪው ተተልትሎ ማሰሪያ ይሆናል። አሮጌ የውኃ ቱቦ የአልጋ እግር፥ የተሰበረ ባሌስትራ ቢላዋ ይሆናል። በረዥሙ የነጻነት ጦርነት ማብቂያ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ የጥይት ሣጥኑና የወታደር መኪና ስብርባሪ ሳይቀር ወደዚሁ መዶሻ ቀርቦ የቤት ዕቃ ሆኗል። በአንድ ወገን ወፍጮው በርበሬ ይፈጫል፤ ሴቶች ተቀምጠው ዛላውን ይለቅማሉ፥ ፍሬውን ከእንጨቱ ይለያሉ፤ አቧራው የመንገደኛውን ዓይን ያስለቅሳል።

ይህን ሁሉ አይቶ «ድህነት የወለደው ሥራ ነው» ብሎ የሚያልፍ አይጠፋም። በእርግጥ ብረት እንደ ልብ በሚገኝበት አገር በርሜል የሚያቀና ሰው አይበዛም። ነገር ግን የሥራውን አካሄድ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው የሚያገኘው አንድ ትልቅ ፋብሪካ በአንድ ጣራ ሥር የሚያከናውነውን የሥራ ክፍፍል ነው። በየሰፈሩ በጋሪ እየዞረ ቁራጭ ብረት የሚሰበስበው ሰው አንድ ነው። በርሜሉን በመሮ ከፍቶ፥ ቀጥቅጦ፥ ጠፍጣፋ ላሜራ የሚያደርገው ሌላ ነው። በልኩ የሚቆርጠው ሦስተኛ፥ የሚያጥፈው አራተኛ፥ የሚበይደው አምስተኛ፥ እጀታውን የሚያበጀው ስድስተኛ ነው፤ ቀለም ቀቢውና ተሸካሚው ሳይቆጠሩ። ላሜራውን የሚያቀናው መበየጃ የለውም፤ መበየጃ ያለው ላሜራ የሚያከማችበት ሥፍራ የለውም። ሁሉም እርስ በርሱ የሚተዋወቅና በዐሥር እርምጃ የሚገናኝ ስለ ሆነ፥ ማንም ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ሥራው ይካሄዳል። ዕዳ በወረቀት ሳይሆን በቃል ይያዛል፤ ዕቃው ሲሸጥ ይከፈላል። ልጁም ከአባቱ ወይም ከጌታው ጎን ተቀምጦ ወናፍ እየነፋ፥ ጉጠት እያቀበለ፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ባለሙያ ይሆናል። ለዚህ ትምህርት ቤት የከፈተ፥ መምህር የቀጠረ ማንም የለም።

ደግሞም የዚህ ሥራ ደንበኛ ማን እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። የማንደጃዋ መቀመጫ የተቃጠለባት እናት ማንደጃዋን በእጇ አንጠልጥላ፥ በእግሯ መጥታ፥ ጥቂት ጠብቃ ይዛው ትመለሳለች። ባለሙያው ከከተማው ዳር ቢሰፍር ግን የአውቶቡሱ ዋጋ ከጥገናው ዋጋ ይበልጣል፤ ያን ጊዜ ማንደጃው ይጣላል፥ ባለሙያውም ሥራ ይፈታል። በየጎዳናው ጥግ ስለ ተቀመጡት ጫማ ሰፊዎች፥ ስለ ልብስ ሰፊዎች፥ ስለ አናጢዎችና ስለ ብስክሌት ጠጋኞች የሚነገረውም ይኸው ነው። በ2024 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ የለበሰው ቢንያም ግርማይ የተወለደው ብስክሌት የየዕለት መጓጓዣ በሆነባት በዚህችው ከተማ ነው። የድሉ ዜና በየአገሩ ሲነገር፥ በአስመራ ጎዳና የጎማ ቀዳዳ የሚደፍኑትን ሰዎች ያነሣ አልነበረም፤ መነሣትም አልጠየቁም።

የአስመራ የእጅ ሥራ ጊዜ ያነሣው፥ ጊዜም የጣለው ነው። በ1939 ዓ.ም. ከከተማይቱ 98,000 ያህል ነዋሪዎች 53,000 ያህሉ ጣልያኖች ነበሩ፤ በዚያው ዘመን ቪቶሪዮ ካፊየሮ ያወጣው ፕላንም ሰፈሮችን በዘር የሚለይ ነበር። እንግሊዞች በ1941 ዓ.ም. ሲገቡ፥ በዓለም ጦርነት ምክንያት የውጭ ዕቃ እንደ ልብ ስለማይገኝ፥ ሳሙናውም ክብሪቱም ብርጭቆውም በአገር ውስጥ ይሠራ ጀመር፤ ብዙ ጥቃቅን ፋብሪካዎችና ኦፊቺናዎች ተከፈቱ። ጦርነቱ ሲያበቃ የባሕሩ መንገድ ተከፈተና የውጭው ዕቃ ገባ፤ ኦፊቺናዎቹም ይዳከሙ ጀመር። በመስከረም ወር 1952 ዓ.ም. ፌዴራሲዮኑ ሲቆም ኤርትራ የተረከበችው ይህን የተቀዛቀዘ ገበያ ነበር፤ ብዙ ባለሙያም መሣሪያውን ሰብስቦ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በ1975 ዓ.ም. ደርግ ትላልቆቹን ፋብሪካዎች ወረሰ፤ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኦፊቺናውን ተከራይቶ ይሠራ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት አከራዩ ተለወጠበት።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፥ አነስተኛ ሥራ ሦስት ነገር ማለትም ጥሬ ዕቃ፥ ቦታና ወጣት እጅ ሲያገኝ ይነሣል፥ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድልበት ይወድቃል የሚል ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተፈተነው በሦስቱም ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ ከ1998 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ግን ወሰኑ ቀርቶ አገልግሎቱ ለዓመታት ተራዘመ። ወናፍ ነፍቶ ሙያ ሊማር የሚገባው ልጅ በሌላ ሥፍራ ዋለ፤ ሌላውም ድንበርና ባሕር ተሻግሮ ሄደ። በ2006 ዓ.ም. የግል የሕንጻ ሥራ ተቋራጮች እንዲያቆሙ ሲደረግ፥ ከእነርሱ በታች የነበሩት ግንበኛ፥ አናጢና በያጅ አብረው ሥራ ፈቱ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው መንገድ በተከፈተ ጊዜ ከትግራይ ሲሚንቶና ሌላም የግንባታ ዕቃ ገብቶ ገበያው ሞቀ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ መተላለፊያዎቹ እየተዘጉ ሄዱ። ለባለሀብት ይህ የኪሳራ ጉዳይ ነው፤ ለአንድ መዶሻ ባለቤት ግን የእራት ጉዳይ ነው።

አሁን ከተማይቱ በቅርስነት ከታወቀች በኋላ አንድ ሌላ አሳብ ሊመጣ ይችላል። ይኸውም መኻል ከተማው ንጹሕና ጸጥተኛ ይሁን፥ ጭሱና ጩኸቱ ከከተማው ውጪ ይሂድ የሚለው ነው። አሳቡ ከክፋት የሚነሣ አይደለም፤ በብዙ ከተሞች የታየና ለጆሮም የሚጥም ነው። ፍጻሜውን ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በ2024 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩት አሮጌ ቤቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎች በከተማው ዳር እንደ ገላን ጉራ ወዳሉት ሰፈሮች ተዛወሩ። ቤት ያገኙት የተሻለ ጣራ አግኝተው ይሆናል፤ ሻይ በማፍላት፥ እንጀራ በመሸጥ፥ ልብስ በመስፋት ይኖር የነበረው ሰው ግን ደንበኛውን በጭነት መኪና ጭኖ ሊወስድ አልቻለም። ቤትን ማዛወር ይቻላል፤ በብዙ ዓመት መተዋወቅ የተሠራውን ገበያ ማዛወር ግን አይቻልም።

ሌላውን መንገድ የሞከረ አገርም አለ። በናይሮቢ ከተማ ካሙኩንጂ በሚባለው ሥፍራ በፀሐይ ቁመው ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች «ጁዋ ካሊ» ይባላሉ፤ በስዋሒሊ ቋንቋ የጋለ ፀሐይ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ሞይ በ1985 ዓ.ም. ሥፍራውን ጎብኝተው ለሠራተኞቹ መጠለያ ጣራ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ በ1992 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት ስለ አነስተኛ ድርጅቶችና ስለ ጁዋ ካሊ ራሱን የቻለ የፖሊሲ ሰነድ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የታሰበው ሁሉ ተፈጸመ ለማለት አይደለም፤ የቦታው ክርክር በየጊዜው መነሣቱ አልቀረም። ሆኖም መንግሥት እነዚያን ሰዎች እንደ ቆሻሻ ከመጥረግ ይልቅ እንደ ሠራተኛ ቆጥሮ ጣራ ማልበሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጭሱና አቧራው ምንም አይደለም ማለትም ፍርድ ማጓደል ነው። በመደበር የሚሠራ ሰው ሳንባውም ጆሮውም ይጎዳል፤ ብየዳውን ያለ መነጽር የሚሠራ ዓይኑን ያጣል። ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የበርሜሉ ነገር ነው። ዘይት የነበረበት በርሜልና መርዝነት ያለው ኬሚካል የነበረበት በርሜል ሲቀጠቀጡ መልካቸው አንድ ነው፤ ከሁለተኛው የተሠራ ባልዲ ወይም ምጣድ ግን ለቤተ ሰብ ጠንቅ ነው። ይህን ለይቶ ምልክት የሚያደርግ አንድ ተቆጣጣሪ በበሩ ቢቆም፥ ውኃ ቢገባ፥ የፍሳሽ መውረጃ ቢቆፈር፥ የእሳት ማጥፊያ ቢሰቀል፥ የበርበሬው ወፍጮ ከብየዳው ቢለይ፥ የሚወጣው ገንዘብ ግቢውን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ከሚያስፈልገው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስና፥ የከተማይቱ ቅርስ ጥበቃና የመደበር ባለሙያ ጉዳይ በእርግጥ አንድ ጉዳይ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። የአስመራ ሕንጻዎች የዘመኑን አዲስ የሕንጻ ጥበብ ለመሞከር የተሠሩ ስለ ሆኑ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ክብ መስኮት አለ፤ እንደ መርከብ ወገብ የጎበጠ በረንዳ አለ፤ በማዕዘን ላይ የዞረ የሱቅ የብረት መዝጊያ አለ፤ የእንጨት መስኮት መዝጊያው ደግሞ ለየቤቱ ለብቻው የተለካ ነው። እነዚህ ሲበላሹ ከየትኛውም ፋብሪካ መጋዘን ተመሳሳያቸው አይገኝም፤ ከውጭ አገር እናስመጣ ቢባል ዋጋው የማይቀመስ ነው። አንድ በአንድ ተለክተው በእጅ ሊሠሩ የግድ ነው። ይህን የሚሠራው ማን ነው? ከጠማማ ብረት ቀጥ ያለ፥ ከቀጥታውም ጠማማ ማውጣት ዕለታዊ ሥራው የሆነው ሰው አይደለምን?

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የአስመራ ቅርስ ፕሮጀክት ሕንጻዎቹን በመለካትና በመመዝገብ ብዙ ደክሟል፤ ምስጋናም ይገባዋል። የሕንጻ መዝገብ እንደ ተዘጋጀ ሁሉ የባለሙያ መዝገብም ሊዘጋጅ ይገባል። የጣልያኖቹን የእንጨት መዝጊያ አሠራር የሚያውቅ አናጢ ማን ነው? ያን በጠጠር የተለበጠ ወለል ፈትጎ የሚያወጣ ማን ቀረ? የግድግዳውን ልስን በጥንቱ አኳኋን የሚያቦካ ግንበኛ በየትኛው ሰፈር ይኖራል? እነዚህ ሰዎች ሸምግለዋል። ከጣልያን ጌታቸው ሥር ሆነው የተማሩት አብዛኞቹ አልፈዋል፤ አሁን ያሉት የእነርሱ ደቀ መዛሙርት ናቸው።

እንግዲህ ሊደረግ የሚችለው ነገር ከዐቅም በላይ የሆነ አይደለም። አስቀድሞ የቦታው ነገር ነው። ዛሬ እሠራለሁ ነገ እነሣለሁ የሚል ሰው ጣራ አያድስም፥ የተሻለ መሣሪያም አይገዛም፤ ለዐሥር ዓመት እንኳ የሚያጸና የኪራይ ውል በእጁ ቢይዝ ግን ራሱ ያለ ማንም ጉትጎታ ቦታውን ያሳምራል። ሁለተኛው የትእዛዝ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ወንበርና ዴስክ ይፈልጋል፤ ሐኪም ቤት አልጋ ይፈልጋል፤ ማዘጋጃ ቤት የቆሻሻ በርሜልና የመንገድ ዳር አጥር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በአንድ ትልቅ ጨረታ ሲወጣ አነስተኛው ባለሙያ በሩን እንኳ አያንኳኳም፤ የሚጠየቀውን ዋስትና ከየት ያመጣል? ሥራው ተከፋፍሎ በሃያ ወንበር፥ በዐሥር አልጋ ቢሰጥና ክፍያው ሳይዘገይ ቢፈጸም ግን ገንዘቡ ከሰፈር ሳይወጣ ይውላል። በያጁ ምሳውን ከሻይ ቤቱ ይበላል፤ ባለሻይ ቤቷ የልጇን ልብስ ከሰፊው ታሰፋለች፤ ሰፊውም ማንደጃውን ከበያጁ ይገዛል። ስለ ብድር ብዙ መናገር አያሻም፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በቡድን ዋስትና የሚሠራ የቁጠባና የአነስተኛ ብድር መርሐ ግብር በአገሩ ነበርና መንገዱ እንግዳ አይደለም። ትእዛዝ የሌለው ሰው ቢበደርም ዕዳ እንጂ ሌላ አያተርፍም።

ከሁሉ የሚከብደው የወጣቱ ነገር ነው፤ ከሁሉ ይልቅም ሊነገር የሚገባው እርሱ ነው። ምንም ውል ቢጸና፥ ምንም ትእዛዝ ቢበዛ፥ መዶሻውን የሚቀበል እጅ ከሌለ ነገሩ ከሽማግሌዎቹ ጋር ያልቃል። የአገልግሎት ዘመን የተወሰነና አስቀድሞ የታወቀ ቢሆን፥ ወጣቱ መቼ እንደሚመለስ ያውቃል፤ ጌታውም ቦታውን ይጠብቅለታል። ለጊዜው እንኳ በአገልግሎት ላይ ካሉት መካከል እጃቸው ለሙያ የቀና ጥቂቶቹ በቅርስ እድሳቱ ሥራ ተመድበው ከሽማግሌዎቹ ባለሙያዎች ጎን ቢቀመጡና የሚያኖራቸው ደመወዝ ቢከፈላቸው፥ አገሩም ሕንጻውም ሰውዬውም ይጠቀማሉ። ወላጅ ልጁ በሰፈሩ ሙያ ይዞ እንጀራ እንደሚቆርጥ ቢያይ ወደ በረሃና ወደ ባሕር ሲያመራ ዝም ብሎ አይሸኘውም።

ጅምሩ ሰፊ መሆን የለበትም። በገበያው ዙሪያ ካሉት ቅስት ያላቸው የሱቅ መተላለፊያዎች አንዱ ይመረጥ፤ የብረት መዝጊያው፥ የመስኮቱ እንጨትና የጣራው ቆርቆሮ ተለክቶ ሥራው ለመደበርና ለአባሻውል ባለሙያዎች በየሙያቸው ተከፋፍሎ ይሰጥ፤ ለእያንዳንዱም ጌታ ሁለት ሁለት ተማሪ ይመደብለት፤ ወጪውም ቆይታውም በመዝገብ ይያዝ። የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ ቢጀመር የመስከረም ጎብኚ ሲመጣ ቀለሙ ደርቆ ይቆየዋል።